ጉበት ላይ የተገኘ ሁሉ የጉበት አይደለም

የአልትራሳውንድ ወረቀት «በጉበት ውስጥ በርካታ ዕጢዎች ይታያሉ» ብሎ ከመጣ በኋላ በብዙዎቻችን ቤት የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። ታላላቆቹ በር ዘግተው ይመክራሉ። ለታማሚው «ጉበትዎ ትንሽ ተቆጥቷል» ይባላል። አንዱ ጸበል ይላል፣ ሌላው ባንኮክ ይላል፣ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዚህ በኋላ ማንገላታት ነው» ይላል። ስለ ዕጢው ብዛት፣ ስለ ቀሪው ጊዜና ስለ ገንዘቡ ብዙ ይወራል። ዕጢው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። አክስቴን ሳስታምም የተማርኩት ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ መቅደም እንዳለበት ነው፤ የምጽፈውም ስለ እርሱ ነው።

ጉበት ለምን የዕጢ ማረፊያ እንደሚሆን ለመረዳት የደሙን መንገድ መከተል ይበቃል። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ፖርታል በሚባለው ትልቅ የደም ሥር ተሰብስቦ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከአንጀት ግድግዳ የተገነጠለች አንዲት የካንሰር ሕዋስ በመንገዷ ላይ ቀድማ የምታገኘው ጉበትን ነው። እዚያ ተጣብቃ፣ ተባዝታ፣ በአልትራሳውንድ እስክትታይ ድረስ ብታድግም የአንጀት ሕዋስነቷን አትለቅም። መድኃኒቷም የአንጀቱ ነው። ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ የሚያየው ጥላ ብቻ ነው፤ ጥላው የማን እንደሆነ የሚናገረው በመርፌ የተወሰደው ናሙና ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚወስን ለማስረዳት ደጋግሜ የማነሣው የአንዲት ፊንላንዳዊት ሴት ታሪክ አለ። ሴትየዋ ጂስት የሚባል፣ ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ የሚነሣ ብርቅ ዕጢ ነበረባቸው። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸውም ዕጢው ጉበታቸው ላይ ተዛመተ። የተለመደው ኬሞቴራፒ ጂስትን እምብዛም አይነካውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ሄልሲንኪ ውስጥ ሄይኪ ዮኤንሱ የተባሉ የካንሰር ሐኪም፣ በዚያን ጊዜ ለደም ካንሰር በሙከራ ላይ የነበረውን ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት በአፍ እንዲወስዱ አደረጉ። የጂስት ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው ኪት በተባለ የተበላሸ ፕሮቲን ትእዛዝ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ያንን ፕሮቲን ይዘጋል። የጉበት ዕጢዎቹ በሳምንታት ውስጥ መሟሸሽ ጀመሩ። በ2002 መድኃኒቱ ለጂስት በአሜሪካ ተፈቀደ። ናሙናው በሚገባ ባይታይና «የጉበት ካንሰር» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ክኒኑ መደርደሪያ ላይ እያለ ሴትየዋ ይሞቱ ነበር።

ከዓይን ውስጥ የሚነሣው ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ደግሞ ሲዛመት ከሁሉ በላይ የሚያዘወትረው ጉበትን ነው። ለእርሱ በ2022 የተፈቀደው ቴቤንታፉስፕ የሚሠራው የተወሰነ የዘር መለያ ላላቸው ሰዎች ብቻ ስለሆነ ሕክምናው የሚጀምረው በደም ምርመራ ነው። ለጂስት ታማሚ ቴቤንታፉስፕ ቢሰጥ ምንም አይፈይድም፤ ለዓይኑ ሜላኖማ ኢማቲኒብ ቢሰጥም እንዲሁ። የሁለቱ የጉበት ምስል ግን ጎን ለጎን ቢቀመጥ ለእኔና ለእናንተ አንድ ነው።

ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው አክስቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ለዓመታት ሆዳቸው አይረጋም ነበር። ጃርዲያ ተባለ፣ አሜባ ተባለ፣ ጨጓራ ተባለ፣ በየጊዜውም ያው መድኃኒት ታዘዘ። በድንገት ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ሙቀት ይነድድባቸዋል፤ ጋቢያቸውን አውልቀው መስኮት ይከፍታሉ። «የዕድሜ ነው» እየተባለ ታለፈ። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ይህ ምልክት የፊት መቅላት ተብሎ ተጽፏል፤ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ እንደ ነጮቹ ጎልቶ አይታይም። ታማሚው ካልተናገረ፣ ሐኪሙም ካልጠየቀ ሊታለፍ ይችላል። እቴቴ ደግሞ ስለ ሆዳቸው ለወንድ ሐኪም ዘርዝረው የሚናገሩ ሴት አይደሉም። በመጨረሻ ክብደታቸው ሲቀንስ አልትራሳውንድ ተነሡ፣ ጉበታቸው በዕጢ የተሞላ ሆኖ ተገኘ፣ በር ተዘግቶም ተመከረ።

ያየናቸው የመጀመሪያው ሐኪም ክፉ ሰው አልነበሩም። ከበራቸው ውጭ ያለው ሰልፍ ደረጃው ድረስ ይወርድ ነበር። «የሚወዱትን እያበላችሁ ተንከባከቧቸው» አሉን። ናሙና ይወሰድ ያለችው ከቤተሰባችን በክሊኒክ ውስጥ ነርስ የሆነች የአጎቴ ልጅ ናት። «ሞታቸው ካልቀረ ስሙን ማወቅ ምን ያደርጋል?» ብለው ታላላቆቹ ተቆጧት። እርሷ ግን በዚህ ነገር ግትር ናት፤ ግትርነቷን ከዚያ ወዲህ እንደ ትልቅ ጸጋ እቆጥረዋለሁ።

ከጉበት የተወሰደች ቀጭን የሥጋ ክር በሰም ውስጥ ተቀብራ ትንሽ ኩብ ትሆናለች፤ በሙያው ቋንቋ ብሎክ ይባላል። ከዚያ በስሱ እየተላጠች ልዩ ልዩ ቀለም ትቀባለች። የመጀመሪያው ቀለም «አደገኛ ዕጢ» ከማለት አላለፈም። ብሎኩ ሌላ ላቦራቶሪ ሄዶ ክሮሞግራኒንና ሲናፕቶፊዚን የተባሉትን ፕሮቲኖች በሚያሳዩ ቀለሞች ሲመረመር ሕዋሱ ማንነቱን ተናገረ። የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ነበር፤ ሆርሞን ከሚያመርቱ፣ በአንጀት፣ በቆሽትና በሳንባ ተበትነው ከሚኖሩ ሕዋሳት የሚነሣ። ሌላ ቁጥርም ነበረ፤ ኪ-67 ይባላል። ከዕጢው ሕዋሳት ምን ያህሉ በመከፋፈል ላይ እንዳሉ በመቶኛ ይለካል። ከ3 በታች ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከ3 እስከ 20 ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛ ነው። የእቴቴ ከ3 በታች ነበር። «አራተኛ ደረጃ ካንሰር» ሲባል ሰምተን የነበርን ሰዎች፣ ይኸው ካንሰር በሌላ መለኪያ «የመጀመሪያ» መባሉን ለመቀበል ጊዜ ወሰደብን። አንዱ የደረሰበትን ርቀት ይለካል፤ ሌላው ፍጥነቱን። ሩቅ የሄደ፣ ግን በጣም በዝግታ የሚራመድ ዕጢ ነበር።

ይህ ዝግተኝነት ሐኪሞችን ከጥንቱም ግራ አጋብቷል። ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባሉት የሙኒክ ፓቶሎጂስት በ1907 ካርሲኖይድ ብለው ሲሰይሙት፣ ካንሰር መስሎ የሚታይ ግን ጉዳት የሌለው ነገር ነው ብለው ነበር። በ1929 ግን ራሳቸው መለስ ብለው ሊዛመት እንደሚችል ጻፉ። እኒህ ሰው አይሁዳዊ በመሆናቸው በ1933 ናዚዎች ከሥራቸው አባረሯቸው፤ ወደ ኢስታንቡል ተሰደው እዚያው እያስተማሩ በ1944 አረፉ። ስማቸው ከሙያው ውጭ ብዙም አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ሙቀቱና ወደ ተቅማጡ እንመለስ፤ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነውና። ከትንሹ አንጀት የተነሣው ዕጢ ሴሮቶኒንና መሰል ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። ዕጢው አንጀት ላይ ብቻ እስካለ ድረስ ያመረተው ሁሉ በፖርታል ደም ሥር ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ይሰባብረዋል። ሰውየው ምንም አይሰማውም። ዕጢው ጉበት ውስጥ ከተተከለ በኋላ ግን ያመረተውን ከጉበት በሚወጣው ደም ላይ ይለቀዋል፣ የሚሰባብረው የለም። ሙቀቱ፣ ተቅማጡ፣ አንዳንዴም የትንፋሽ ማጠር የሚመጣው ያኔ ነው። ደሙ ከጉበት በቀጥታ ወደ ቀኝ ልብ ስለሚገባ በቀኝ በኩል ያሉት የልብ በሮች እየደደሩ ይሄዳሉ። ሳንባ በመንገድ ላይ ሆርሞኑን ስለሚያዳክመው የግራው ልብ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ለጉበት ዕጢ ሄደን የልብ አልትራሳውንድ ሲታዘዝ «ገንዘብ ለመብላት ነው» ያለ ዘመድ ነበረን። ትእዛዙ ትክክል ነበር።

ለማረጋገጥ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት ይሰበሰባል፤ በውስጡም ሴሮቶኒን ሲሰባበር የሚተርፈው ነገር ይለካል። ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀናት ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስና ቲማቲም አይበላም፣ ውጤቱን ያዛባሉ። እቴቴን ግን ሰውነታቸው ስለደከመ ቤተሰቡ በየቀኑ የአቮካዶና የሙዝ ጭማቂ ሲያጠጣቸው ነበር የከረመው።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሊደበቅ አልቻለም። ከአገር ወጥቶ የሚታከም ሰው ምን እንዳመመው ሳያውቅ አይሄድም። የመንገሩ ዕጣ ለእኔ ደረሰ። እቴቴ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ታዲያ አሜባ አይደለም ማለት ነው?» አሉ። ከዚያም ለዓመታት የዋጡትን ክኒን ሁሉ በስም እየጠሩ ረገሙ። ያኔ የገባኝ፣ በር ዘግተን ስንመክር የነበረው እሳቸውን ለመጠበቅ ሳይሆን እኛ ራሳችን እንዳንነግራቸው ብለን መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ኦክትሬኦታይድ የተባለ መርፌ ነው። ሰውነታችን ሶማቶስታቲን የሚባል፣ የሌሎችን ሆርሞኖች ፈሳሽ የሚገታ ንጥረ ነገር አለው፤ በ1973 አሜሪካ ውስጥ በሮጀር ጊየማን ላቦራቶሪ ተገኘ። ችግሩ በደም ውስጥ ከደቂቃዎች በላይ አለመቆየቱ ነው። ኦክትሬኦታይድ እርሱን አስመስሎ የተሠራ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ነው፤ በቀስታ የሚለቀቀው ዓይነት በየአራት ሳምንቱ መቀመጫ ላይ ይወጋል። መጀመሪያ የታሰበው ምልክቱን ለማስታገስ ነበር። በጀርመን ተካሂዶ በ2009 የታተመው ፕሮሚድ የተባለ ጥናት ግን ዕጢውንም እንደሚያቆመው አሳየ፤ መድኃኒቱን ያገኙት ሕመምተኞች ዕጢ እስኪያድግ መካከለኛው ጊዜ 14.3 ወር ሲሆን፣ ያላገኙት 6 ወር ነበር። እቴቴ ላይ ያየሁት ከዚህ ቁጥር በላይ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ ሰርግ ቤት ሄደው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀመጡ።

መርፌው ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዱባይ የሚመጣ መንገደኛ በበረዶ ቦርሳ ይዞልን መጥቷል። የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የባንክ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ሁሉም ከተሟላ በኋላ ደግሞ የማኅተም ስህተት። ስለዚህ ክፍል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ አልዘረዝረውም።

ወደ ዴልሂ የሄድነው በአገራችን ያን ጊዜ የማይሰጥ ምርመራ ለማግኘት ነበር። የእነዚህ ዕጢዎች ሕዋሳት ብዙዎቹ በላያቸው ላይ የሶማቶስታቲን መቀበያ አላቸው። ያንን መቀበያ በሚያውቅ ሞለኪውል ላይ ጋሊየም-68 የተባለ፣ በየ68 ደቂቃው ጉልበቱ በግማሽ የሚቀንስ የጨረር ንጥረ ነገር ያስሩና በደም ሥር ይሰጣሉ፤ በፔት ማሽን ሲታይ ዕጢው የተደበቀበት ሁሉ ያበራል። የእቴቴ መነሻ ያኔ ተገኘ፤ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ፣ ከአተር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ። ይህች ናት ጉበቱን የሞላችው።

የሕክምናው ውበት ደግሞ ጋሊየሙን አንሥቶ በምትኩ ሉቴሺየም-177 ማሰሩ ላይ ነው። ያው ሞለኪውል፣ ያው አድራሻ፣ አሁን ግን የሚወስደው ጨረር ሕዋስ የሚገድል ነው፤ በሰውነት ውስጥ የሚጓዘውም ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ቀዳሚዎቹ የሮተርዳም ሐኪሞች ነበሩ። በ2017 የታተመው ኔተር-1 የተባለ ጥናት፣ ከአንጀት ተነሥቶ የተዛመተና መርፌው ያላቆመው ዕጢ ያለባቸውን ሰዎች አወዳደረ። ከ20 ወር በኋላ ሉቴሺየም ካገኙት ውስጥ በግምት 65 በመቶው ዕጢያቸው ሳያድግ ቆይቷል፤ መጠኑ የጨመረ ኦክትሬኦታይድ ብቻ ካገኙት ደግሞ 11 በመቶ ያህሉ። ዕድሜን ማራዘሙ ላይ በኋላ የወጣው ውጤት 48 ወር ከ36 ወር ጋር ቢሆንም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አልጸናም፤ ከሁለተኛው ቡድን ብዙዎቹ በኋላ ራሳቸው ይህንኑ ሕክምና ማግኘታቸው ማወዳደሩን አደብዝዞታል። ይህንን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያው «ጉበትን የሚያነጻ ጨረር» እያሉ የሚሸጡ ደላሎች 65ቱን ያወራሉ፣ ሁለተኛውን ዝም ይላሉ።

ህንድ ሉቴሺየሙን ሙምባይ በሚገኘው በባብሃ የአቶሚክ ምርምር ማዕከል ራሷ ታመርታለች፤ ዋጋው ከአውሮፓና ከአሜሪካ መርከሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የተለመደው አራት ጊዜ፣ በየስምንት ሳምንቱ ነው። ኩላሊትን ለመጠበቅ አብሮ የሚሰጠው የአሚኖ አሲድ ጉሉኮስ ከጨረሩ የባሰ ያስታውካል፤ እቴቴ የሚያማርሩት እርሱን ነበር። ከሁሉ የከበዳቸው ግን ከዚያ በኋላ የተሰጠው መመሪያ ነው። ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ሴቶች መራቅ፣ ለብቻ መተኛት፣ መጸዳጃውን ሁለቴ ውኃ መልቀቅ። በእንግዳ ማረፊያው አብረውን የነበሩት ኢትዮጵያውያን ለጥየቃ ሲመጡ እቴቴ በሩ ላይ ቆመው «አትሳሙኝ፣ ጨረር ነኝ!» ይሉ ነበር። ጉርሻ የተከለከለበት ሕክምና አይቼ አላውቅም። ሐኪሙ ስለ ጉርሻ ሲጠየቁ ምን እንደሆነ ካስረዳናቸው በኋላ በቁም ነገር አስበው «እርስዎ ይጉረሱ፣ አያጉርሱ» አሉ።

ቀዶ ሕክምናስ? ጉበት ከሌሎች አካላት የሚለየው መልሶ ማደጉ ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተቆርጦ ቀሪው ሊያድግ ይችላል። ዕጢዎቹ ጥቂትና በአንድ ወገን ከሆኑ ማውጣት ከሁሉ የተሻለ ነው። የእቴቴ ግን በሁለቱም ወገን ተበትነው ስለነበር አልሆነም፤ አንጀቱ እንዳይዘጋ ተብሎ ያቺ ትንሽ መነሻ ብቻ በኋላ ወጣች። በማደንዘዣ ጊዜ ዕጢው ያከማቸውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ ሊለቅና የደም ግፊትን ሊያናጋ ስለሚችል ኦክትሬኦታይድ በደም ሥር እየተሰጠ ነው የሚሠራው። ይህንን ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ መንገር የቤተሰብ ሥራ ነው።

ሌላው መንገድ በደም ሥር በኩል ነው። ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከፖርታል ሲሆን ዕጢዎቹ ግን የሚመገቡት ከሞላ ጎደል ከአርተሪው፣ ከልብ በኩል ደም ከሚያመጣው የደም ሥር ነው። ስለዚህ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ዕጢውን የሚቀልበውን የአርተሪ ቅርንጫፍ መድፈን ዕጢውን ያስርበዋል፣ ጉበቱ ግን ይተርፋል። ለሳምንት ያህል ትኩሳትና ሕመም ይከተላል። ይህ ለእቴቴ ለመጠባበቂያ ተቀምጧል። እኔን ያሳመነኝ የሕክምናው ጥበብ ይኸው የመሣሪያዎቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዓመት ተኩሶ ባዶ እጅ አለመቅረት።

ስቲቭ ጆብስ የሞተው በዚሁ ዕጢ ቤተሰብ ነው። የእርሱ ከቆሽት የተነሣ ነበር፤ በ2003 ተገኘ፣ በ2004 ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በ2009 ሜምፊስ ውስጥ ጉበቱ ተቀየረ፣ በ2011 አረፈ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሪታ ፍራንክሊን በ2018፣ ህንዳዊው ተዋናይ ኢርፋን ካን በ2020። ጋዜጦቹ ስለ ጆብስና ስለ ፍራንክሊን «የቆሽት ካንሰር» ብለው ነው የጻፉት። የተለመደው የቆሽት ካንሰር ከተዛመተ ብዙውን ጊዜ ወራት ነው የሚሰጠው፤ ጆብስ ስምንት ዓመት ኖሯል። የህንድ ፊልሞች በአማርኛ ትርጉም ጭምር ሲታዩ ለኖረችው አዲስ አበባ፣ ኢርፋን ካን በ2018 ስለ ሕመሙ ራሱ የጻፈው መልእክት ይህንን ስም ከማንኛውም የጤና ትምህርት በላይ አድርሶታል።

በነገራችን ላይ የእነዚህ ዕጢዎች ታማሚዎች በዓለም ዙሪያ ምልክታቸው የሜዳ አህያ ነው፤ ብርቅነቱን ለማሳየት። ቀናቸውም ኖቬምበር 10 ነው። ለእኛ የሜዳ አህያ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ትልቁ ዝርያ ስሙን ያገኘው በ1880ዎቹ ከአቢሲንያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ከተላከ አንድ እንስሳ ነው፤ ዛሬም በኢትዮጵያና በኬንያ ይኖራል። እቴቴ ይህንን ሰምተው «ታዲያ የአገሬ ነዋ!» ብለው ሥዕሉ ያለበትን ሻርፕ ከዴልሂ ገዙ።

ዕጢዎቹ አልጠፉም። አንዳንዶቹ አንሰዋል፣ ብዙዎቹ ባሉበት ቆመዋል፣ በየጊዜው ሲቲ ስካን ይነሣሉ፣ መርፌው ይቀጥላል። ዕጢው እንደገና ከተነሣ ሉቴሺየሙ ሊደገም ይችላል፣ የደም ሥሩ መንገድም አለ፣ ኤቬሮሊመስ የሚባል ክኒንም አለ።

ዘመድ ለታመመባቸው ሰዎች ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቷል፤ እኔ ሐኪም ባልሆንም ይደውላሉ። የምጠይቃቸው ያው ነው። ናሙና ተወስዷል? ከየት እንደተነሣ ተጽፏል? ኪ-67 ስንት ነው? ብሎኩ የት ነው ያለው? ብሎኩ ከጠፋ እንደገና መርፌ ነው፣ ስለዚህ ቅጂውን ብቻ ሳይሆን እርሱንም ጠይቃችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ብርቅ ዕጢ አይሆንም፤ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የተያያዘው የራሱ የጉበት ካንሰር ነው፣ ወይም ከትልቁ አንጀት፣ ወይም ከጡት የመጣ። ለእነዚያም የየራሳቸው ሐኪምና የየራሳቸው መድኃኒት አለ። ባለፈው የደወለልኝ ወጣት የአባቱ ውጤት «አደገኛ ዕጢ» ከሚል ውጭ ምንም እንደሌለው ነገረኝ፤ ብሎኩን ለማውጣት ሰኞ ይሄዳል።